«ተይዟል» መልስ አይደለም

በየወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የሥራ ዕቅድ ውስጥ «የምክክር መድረክ» የሚል ርእስ ማግኘት የተለመደ ሆኗል። ከየጤና ኬላው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ከየጤና ጣቢያው ነርሶች፣ አዋላጆችና የጤና መኮንኖች ይጠራሉ፤ አዲስ የወጣው መመሪያ ይገለጻል፤ የሩብ ዓመቱ አፈጻጸም በመቶኛ ይቀርባል፤ በመጨረሻም ጥያቄና አስተያየት ይሰበሰባል። መድረኩ በመኖሩ ቅሬታ ያለው የለም፤ እኛም የለንም። ሊሰመርበት የሚገባው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ይህ ምክክር የተባለው ነገር የሚካሄደው ውሳኔው ከመወሰኑ በፊት ነው ወይስ ውሳኔው ታትሞና ማኅተም ተመቶበት ከወረደ በኋላ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገን በአንድ ወረዳ፣ እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ ተገኝተን ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይጀመራል የተባለው ስብሰባ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። የመክፈቻው ንግግር፣ ሪፖርቱና የአዲሱ መመሪያ ገለጻ ቀኑን ጨረሱት። ለውይይት የተመደበው ጊዜ ሲደርስ ከአሥር ሰዓት አልፎ ስለ ነበር፣ ከሩቅ ቀበሌ የመጡት ሠራተኞች ዓይን ከመድረኩ ይልቅ በመስኮቱ በኩል ወደሚታየው መናኸሪያ ያዘነበለ ነበር። ያም ሆኖ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እጇን አወጣች። «መመሪያው መድኃኒቱን ስጡ ይላል፤ መድኃኒቱ ግን ከተቋረጠ አራት ወር አልፎታል። እናቶቹን ምን እንበላቸው?» አለች። ሰብሳቢው ማስታወሻቸው ላይ ጻፍ አደረጉና «ተይዟል» ሲሉ መለሱ። ሠራተኛዋ ግን ወዲያው አልተቀመጠችም። «ባለፈውም ስብሰባ ተይዟል ብለውኝ ነበር» አለች። አዳራሹ ሳቀ፤ ሰብሳቢውም አብረው ሳቁ፤ ወዲያውም ስብሰባው ተዘጋ።

ይህች ሠራተኛ በአገራችን የጤና አገልግሎት ውስጥ ያላትን ቦታ ያልተገነዘበ ሰው፣ በዚያ ሳቅ ውስጥ ምን እንደ ጠፋ ሊገነዘብ አይችልም። ጤናን ወደ ገጠሩ ሕዝብ የማድረስ ጥረት ረጅም ታሪክ አለው። በ1947 ዓ.ም የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን እንደ አንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ሲያሰማራ፣ ሐሳቡ ከሐኪሙ ክፍል ይልቅ የሕዝቡን አኗኗር የሥራ መስክ ማድረግ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1971 ዓ.ም በአልማ አታ የጸደቀው ዓለም አቀፍ መግለጫም መሠረታዊ የጤና አገልግሎትን የመንግሥታት ሁሉ ግዴታ ሲያደርግ፣ ሕዝቡ በዕቅዱም በአፈጻጸሙም መሳተፍ መብቱም ግዴታውም እንደሆነ ደንግጓል። ከዚያ ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት በየገበሬ ማኅበሩ ተመርጠው ጥቂት ወራት እየሠለጠኑ ወደ ሥራ የገቡት የኅብረተሰብ ጤና ወኪሎች ብዙዎቹ ሥራውን እየተዉ የሄዱት ፈቃደኝነት አጥተው አልነበረም። የሚከፍላቸው፣ መድኃኒት የሚያደርስላቸውና «እንዴት ናችሁ?» ብሎ የሚጎበኛቸው አካል እየሳሳ ስለ ሄደ ነው። ይህን ትምህርት አለመርሳት ይገባል።

በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከዚህ ድካም የተማረ ነበር። ሠራተኛዋ ደመወዝ ተቆረጠላት። አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቀችና የአካባቢው ተወላጅ የሆነች ወጣት አንድ ዓመት ሠልጥና፣ ከአንዲት ባልደረባዋ ጋር ከ3,000 እስከ 5,000 ሕዝብ የሚኖርበትን ቀበሌ ተረከበች። ሥራዋ በ16 ክፍሎች ተዘርዝሮ ነበር፤ ከሥራ ጊዜዋም ሦስት አራተኛውን ቤት ለቤት እየዞረች እንድታውለው ታስቦ ነበር። መጸዳጃ ቤት ታስቆፍራለች፣ ታስከትባለች፣ ነፍሰ ጡሯን ትከታተላለች፣ ስለ ቤተሰብ ዕቅድ ትመክራለች። በ1992 ዓ.ም በተካሄደው አገር አቀፍ የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም በተካሄደው ተመሳሳይ ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ድሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ብቻ ነው አንልም፤ መንገዱም፣ የሴቶች ትምህርትም፣ የምግብ ሁኔታ መሻሻልም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ይሁን እንጂ ያለ እነርሱ ክትባቱም ሆነ ምክሩ በየጎጆው ደጃፍ ባልደረሰ ነበር።

ሥራው ፍሬ ማፍራቱ ሌላ ሥራ አስከተለ። በ2001 ዓ.ም በክንድ ውስጥ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ሠራተኛዋ ራሷ እንድታስገባ ተወሰነ። በ2002 ዓ.ም የሕፃናትን የሳንባ ምች እንድታክም ተፈቀደ። በ2004 ዓ.ም የሳንባ ምች መከላከያ ክትባት፣ በ2006 ዓ.ም የሮታ ቫይረስ ክትባት ተጨመሩ። በመካከሉ በ2005 ዓ.ም የጨቅላ ሕፃናት ከባድ ኢንፌክሽን ሕክምና ተጀመረ፤ በ2011 ዓ.ም ደግሞ የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባትና ሁለተኛው ዙር የኩፍኝ ክትባት መጡ። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲገባ ቤት ለቤት ማስተማሩና ምልክት የታየበትን መጠቆሙ የወደቀው በዚችው ሠራተኛ ላይ ነው። ከእነዚህ ውስጥ አላስፈላጊ የምንለው አንድም የለም። ግን ሁሉም ተጨምሯል፤ ምን ይቀነስ የሚለው ሲነሳ አልሰማንም። ቤት ለቤት የሚዞሩት እግሮችና በጤና ኬላ ተቀምጠው መርፌ የሚወጉት እጆች የአንዲት ሴት መሆናቸውን ዕቅድ አውጪው እየረሳው መጥቷል። ነባራዊው ሁኔታና የወረቀቱ ዕቅድ የተቃረኑት እዚህ ላይ ነው።

የሳንባ ምቹን ጉዳይ ጠለቅ ብለን ብንመለከተው ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሠራተኛዋ ለወባ መድኃኒት መስጠት፣ ለተቅማጥም የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ማዘጋጀት ይፈቀድላት ነበር። በሳንባ ምች የተጠረጠረ ሕፃን ሲመጣ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ከመላክ በቀር ሌላ ሥልጣን አልነበራትም። በክረምት ወንዝ ሞልቶ መንገዱ ሲዘጋ «ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ» የሚለው ቃል ለእናቲቱ ምን እንደሚመስላት፣ ከሚኒስቴሩ መሥሪያ ቤት ይልቅ ቃሉን የምትናገረው ሠራተኛ ታውቀው ነበር። መመሪያው ሲለወጥ ሠራተኛዋ የሕፃኑን ትንፋሽ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ተማረች፤ ዕድሜው ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ለሆነ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ለሆነው 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል፤ ሌላ አስጊ ምልክት ከሌለው መድኃኒቱን እዚያው ትሰጣለች። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ አነስ ያለ ይመስላል። ሕክምናው ሲጀመር ይሰጥ የነበረው ኮትሪሞክሳዞል በአሞክሲሲሊን ተተካ። ለውጡ በሕክምና ረገድ ትክክል ነው። በደብዳቤ ሲጻፍም ከሁለት መስመር አያልፍም። በጤና ኬላ ደረጃ ግን የመድኃኒት መለወጥ ማለት በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሠንጠረዥ መውረድ አለበት ማለት ነው፤ በመደርደሪያው ላይ የቀረው አሮጌ መድኃኒት ይመለስ ወይስ ያልቅ የሚለው መታወቅ አለበት ማለት ነው፤ ለሁለት ዓመት ልጅና ለስድስት ወር ሕፃን የሚሰጠው መጠን እንደገና በቃል መያዝ አለበት ማለት ነው። ሌላም አለ። «ለታላቁ ልጄ የሰጠሽኝ ይኼ አልነበረም፤ ምነው ልጄ፣ ያኛው ጠፋ?» ብላ ለምትጠይቅ እናት እምነቷ ሳይሸረሸር የሚሰጥ ቀላልና እውነተኛ መልስ መዘጋጀት ነበረበት። አዲሱን መመሪያ የሚጽፉት ባለሙያዎች ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱን እንኳ ላያስቡት ይችላሉ። ስንፍና ብለን አንከሳቸውም። ያ ግድግዳ በፊታቸው ስለሌለ ነው።

መመሪያው ወደ ታች የሚጓዝበት መንገድም የራሱ ጣጣ አለው። ከሚኒስቴር ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ጤና ጣቢያ እየተባለ አሠልጣኝ አሠልጣኝን ያሠለጥናል። ከላይ ጉሽ ሆኖ የተቀዳው ጠላ ታች ሲደርስ ቅራሪ ይሆናል። ለብዙ ቀናት በተግባር ልምምድ የተሰጠው ትምህርት በመጨረሻው እርከን የግማሽ ቀን ንባብ ሆኖ ሲቀርብ፣ የሥልጠናው ሪፖርት ግን በሁሉም እርከን ያው «ተሰጥቷል» የሚል ነው።

በእርግጥ በሌላው ወገን የሚነሳው ክርክርም ቀላል አይደለም። ሳይንስ በድምፅ ብልጫ አይወሰንም ይባላል። እውነት ነው፤ የአሞክሲሲሊንን መጠን እጅ በማውጣት መወሰን የሚፈልግ ጤነኛ ሰው የለም። ወረርሽኝ ሲነሳም ስብሰባ እስኪጠራ አይጠበቅም። ነገር ግን የመድኃኒቱ ዓይነት አንድ ነገር ነው፤ በየትኛው ወር ይጀመር፣ በየትኛው ሥራ ምትክ ይሠራ፣ ማን ያድርሰው፣ ለሕዝቡ በምን ቃል ይነገር የሚለው ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው የጥናትና የምርምር ጉዳይ ነው። የኋለኛው የሠራተኛዋ ዕውቀት ነው፤ በየትም ቤተ ሙከራ አይገኝም። ቢሮክራሲያዊው አሠራር የመጀመሪያውን ክብር እየጠቀሰ የኋለኛውን ያፍናል።

ሂስ ከተነሳ ግለ ሂስም ይከተላል። በአዳራሹ ዝም ብለው በመናኸሪያው የሚያማርሩ የጤና ባልደረቦች ጥቂት አይደሉም። የመጸዳጃ ቤቱ ጉድጓድ ሳይቆፈር «መቶ በመቶ» ብሎ የሚጽፍ እጅም አለ፤ ያ መቶኛ ወደ ላይ ሲወጣ ሐሰተኛ ሥዕል ሆኖ ነው፣ ሐሰተኛው ሥዕልም ተመልሶ ሊፈጸም የማይችል ዕቅድ ሆኖ ይወርዳል። እኛ ጋዜጠኞችም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ስንቱን ስብሰባ ነው «በስኬት ተጠናቀቀ» ብለን የጻፍነው? ከላይ የተረክነውን ስብሰባ በሚመለከት ያን ጊዜ ያቀረብነው ዜና ስለዚያች ሠራተኛ ጥያቄ አንድ ቃል አልነበረውም።

አሁን ጉዳዩን አጣዳፊ የሚያደርገው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙን ለማሻሻል እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2035 ድረስ የሚዘልቅ ፍኖተ ካርታ ወጥቶ በሥራ ላይ መዋሉ ነው። በዚህ መሠረት ጤና ኬላዎች ሁሉ አንድ ዓይነት መሆናቸው ይቀራል፤ አንዳንዱ ሰፋ ያለ አገልግሎት የሚሰጥ፣ አንዳንዱ መሠረታዊውን ብቻ የሚሰጥ፣ አንዳንዱም ለጤና ጣቢያ ቅርብ ስለሆነ ከእርሱ ጋር የሚጣመር ይሆናል። ሐሳቡ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በካርታ ላይ ቅርብ የሚመስለው ጤና ጣቢያ በመካከሉ ገደል እንዳለ፣ ወይም ነፍሰ ጡሯ በገበያ ቀን ካልሆነ በዚያ በኩል እንደማታልፍ የምትናገረው ሠራተኛዋ ናት። ይህ ሳይጠየቅ የተጣመረ ጤና ኬላ ደጁ ተዘግቶ፣ ሕዝቡም ወደ ተባለበት ሳይሄድ ሊቀር ይችላል።

ምክክሩ የት ይካሄድ ለሚለው ጥያቄ አዲስ መዋቅር መፍጠር አያስፈልግም። አንድ ጤና ጣቢያ ከአምስት ጤና ኬላዎች ጋር ሆኖ ወደ 25,000 ለሚጠጋ ሕዝብ አገልግሎት እንዲሰጥ ተደርጎ ተደራጅቷል። አምስት ጤና ኬላ ማለት አሥር ያህል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ማለት ነው። ይህ ቁጥር ያለ ማይክሮፎን፣ ያለ ባነርና ያለ መክፈቻ ንግግር በአንድ ክፍል ተቀምጦ መነጋገር የሚችል ነው። የመመሪያው ረቂቅ ከመጽደቁ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀድሞ እዚህ ክፍል ይድረስ፤ ሠራተኞቹ ያዩትን ጽፈው ይመልሱ፤ መመሪያው ሲወጣም የትኛውን አሮጌ ትእዛዝ እንደሚሽርና ለአዲሱ ሥራ ሲባል የትኛው ሥራ እንደሚቀንስ በግልጽ ይጻፍበት። ቀጣዩ ስብሰባ ደግሞ ከሪፖርት ሳይሆን ባለፈው ከተነሱት ጥያቄዎች መልስ ይጀምር። መልሱ «አይቻልም» ቢሆን እንኳ ይነገር፤ «አይቻልም» ያለ ሰው ምክንያቱን ይናገራል፤ «ተይዟል» ያለ ግን አይጠየቅም።

በዚያ ወረዳ የተነሳው ጥያቄ በሁለት ቃለ ጉባኤዎች ላይ ሰፍሮ ይገኛል። የተጠየቀው መድኃኒቱ የሚመጣበት ቀን ነው፤ ካልመጣም በማግስቱ ጠዋት ጤና ኬላው ሲከፈት ደጅ ላይ ለሚጠብቁት እናቶች የሚነገረው ቃል።