የስልክ ጥሪን መንገድ ጣቢያው ይምረጥ

ስልክ ሲደወል ጥሪው በየትኛው መስመር እንደሚያልፍ ሁሉን የሚያይ አንድ ማዕከል ቢወስን ይሻላል የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ውሳኔው ለየማዞሪያ ጣቢያው፣ ከአንድ ጥብቅ ገደብ ጋር፣ ቢተው ይበጃል እላለሁ። ማስረጃዬ የካምብሪጆቹ የሒሳብ ምሁራን ፍራንክ ኬሊና ሪቻርድ ጊበንስ ከብሪቲሽ ቴሌኮሙ ፒተር ኪ ጋር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያወጡት፣ ኩባንያውም በኋላ ሥራ ላይ ያዋለው ስልት ነው። ከለንደን ወደ ማንቸስተር የሚሄድ ጥሪ በቅድሚያ ቀጥታውን መስመር ይሞክራል። እሱ ከተያዘ በሌላ ጣቢያ፣ በበርሚንግሃም እንበል፣ ዞሮ ይሄዳል። ካለፈ የለንደኑ ጣቢያ ለቀጣዩም በርሚንግሃምን እንደያዘ ይቆያል፤ ካላለፈ ያ ጥሪ ይቀራል፣ ለሚቀጥለው ሌላ መሸጋገሪያ በዕጣ ይወጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። ጣቢያው ማንንም ሳይጠይቅ፣ ጥሪዎቹ ክፍት መስመር ወዳለበት እያደሉ ይሄዳሉ። ማዕከል ግን ለክቶና አስልቶ ትእዛዝ እስኪልክ መጨናነቁ ቦታ ሊቀይር ይችላል።

ሁሉም የየራሱን ጥሪ ብቻ ለማሳለፍ ሲሯሯጥ ኔትወርኩ አይታነቅም ወይ? ተገቢ ሥጋት ነው። ዞሮ የሚሄድ ጥሪ በአንድ ፈንታ ሁለት መስመር ይይዛል። በሥራ ሰዓት አንዱ ሲዞር ቀጥታ መሄድ የነበረባቸው ሌሎች እንዲዞሩ ያስገድዳል፤ እነሱም በተራቸው ሌሎችን ያዞራሉ። መስመሩም ጠያቂውም ሳይለወጥ የሚወድቀው ጥሪ ይበዛል፣ ኔትወርኩም ከዚያ ሁኔታ ቶሎ አይወጣም። ገደቡ ያስፈለገው ለዚህ ነው፦ በየአቅጣጫው የቀሩት ጥቂት ክፍት መስመሮች ለቀጥታ ጥሪ ብቻ ይጠበቃሉ። ይህን ለማስከበርም ማዕከል አያሻም፤ እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱን ክፍት መስመር መቁጠር ይበቃዋል።

የማዕከል ደጋፊዎች ሌላው መከራከሪያ ከአሜሪካ ይመጣል። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 1990 በኒው ዮርክ የስልክ ኩባንያው የኤቲ ኤንድ ቲ አንድ ማዞሪያ ጣቢያ ራሱን አጥፍቶ ሲነሣ የላካቸው መልእክቶች ጎረቤቶቹን ጣሉ፤ እነሱም ሌሎቹን። የርቀት ጥሪ አገልግሎቱ ለ9 ሰዓታት ያህል ክፉኛ ተናጋ። ይሁን እንጂ የጣላቸው የመንገድ ምርጫ ነፃነት አልነበረም። የኩባንያው 114ቱም ጣቢያዎች ከሳምንታት በፊት የተጫነላቸውን፣ አንድ ዓይነት ስሕተት ያለበትን ፕሮግራም ይዘው ነበር። አዲስ ፕሮግራም በሁሉም ላይ ከመጫኑ በፊት በጥቂቶቹ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ሊፈተን ይገባል፤ ማዕከሉ ይህን ይቆጣጠር፣ አዲስ መስመር የት እንደሚዘረጋም ያቅድ። የእያንዳንዱን ጥሪ መንገድ ግን ለጣቢያው ይተውለት።