የጎማው መብራት ሲዋሽ፦ ጥሪው ለከፊል ይደርሳል፣ ጣጣው ለሾፌር

ጅዳና መካ ውስጥ የሰው ቤት ሾፌር ሆናችሁ የምትሠሩ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ቢጫ መብራት ታውቋታላችሁ። የፈረስ ጫማ ትመስላለች፣ መሐሏ ላይ ቃለ አጋኖ አለ። የጎማ ነፋስ ሲቀንስ ትበራለች። ሳትበራ ብትቀርስ? ወይም በርታ፣ ምንም ሳይስተካከል ብትጠፋስ?

ይሄ የሆነ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ቴስላ አሜሪካ ውስጥ 694,304 መኪኖችን ለእርማት ጠርቷል። ሞዴል 3፣ ሞዴል ዋይ እና ሳይበርትራክ ነበሩ። ጥፋቱ ትንሽ ይመስላል፦ ነፋስ ቀንሶ መብራቱ ከበራ በኋላ፣ መኪናው ቆሞ እንደገና ሲነሳ መብራቱ ሊጠፋ ይችላል። ጎማው ግን እንደጎደለ ነው። ኩባንያው ሶፍትዌሩን በኢንተርኔት ልኮ አስተካከለው፣ ባለቤቶቹ ጋራዥ መሄድ አላስፈለጋቸውም።

«የእኔ ከፊል ቴስላ የለውም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ቴስላ ሳዑዲ ገብቶ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ነው። ግን መብራቷ አሁን በካምሪውም በጂኤምሲውም አለች፣ የመጣችበት ታሪክም ከዚህ አገር አስፋልት ጋር የተያያዘ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የሚገጠመው ፋየርስቶን ጎማ በሳዑዲና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀት ላዩ እየተላጠ መኪና ይገለብጥ ጀመር። ፎርድ በ1999 እዚህ ያሉትን ጎማዎች በራሱ ወጪ ቀየረ፣ ለአሜሪካ መንግሥት ግን አላሳወቀም። በአሜሪካ ትልቁ ጥሪ የመጣው ከዓመት በኋላ፣ በኦገስት 2000 ሲሆን 6.5 ሚሊዮን ገደማ ጎማ ተጠራ። የአሜሪካ መንግሥት በመጨረሻ ከዚህ ጎማ ጋር ያያዘው ሞት 271 ደርሷል። ያኔ የወጣው ሕግ ኩባንያዎች በውጭ አገር ያደረጉትን ጥሪ እንዲያሳውቁ አስገደደ፣ የጎማ ነፋስ ማስጠንቀቂያም በእያንዳንዱ አዲስ መኪና ላይ እንዲገጠም መንገዱን ከፈተ።

እኔን የገረመኝ ደግሞ የጎማው አምራች በዚያን ጊዜ የሰጠው መልስ ነው። ነፋስ አጉድለው ነው የሚነዱት፣ አይንከባከቡትም የሚል ነበር። ለአሸዋ ተብሎ ነፋስ ማስቀነስ እዚህ የተለመደ ስለሆነ ከፊሉ እውነትነት አለው። ቢሆንም ጎማ ሲፈነዳ መጀመሪያ ጣት የሚቀሰረው መሪ በያዘው ላይ መሆኑን ልብ በሉ።

አሁን ወደ ጅዳና መካ መንገድ እንምጣ። በሐረመይን መንገድ ሰባ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ነው፣ ሹሜይሲን አልፎ። በ2024 ሐጅ ጊዜ መካ ላይ 51.8 ዲግሪ ተመዝግቧል። አስፋልቱ ከአየሩ ይበልጥ ይግላል። ሙቀት ስድስት ዲግሪ ያህል በጨመረ ቁጥር የጎማው ነፋስ አንድ ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ጠዋት 24 የነበረ ጎማ ተነድቶ ሲግል 28 እና 29 ሊል ይችላል። መብራቱም «ደህና ነው» ብሎ ሊጠፋ ይችላል፣ ምንም ሳይበላሽ። ጎማው አልዳነም። ይልቁንም የጎደለ ጎማ ጎኑ እየታጠፈ እየተዘረጋ ከውስጥ ይቃጠላል፣ የሚፈነዳውም ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። በአሜሪካው ደንብ መብራቱ የሚበራው ነፋሱ ከሚገባው በሩብ ሲቀንስ ነው። የሾፌር በር ላይ ያለው ወረቀት 32 ካለ፣ እስከ 24 ድረስ ዝም ሊል ይችላል ማለት ነው። ሰባት ሰው ለዑምራ ጭኖ፣ ሻንጣ ጣሪያ ላይ አስሮ ለሚሄድ መኪና 26 እንኳን ብዙ ጉድለት ነው። አንዳንድ መኪና ደግሞ ጎማው ውስጥ ሴንሰር የለውም፣ የጎማዎቹን አዟዟር እያነጻጸረ ነው የሚገምተው። አራቱም እኩል ከጎደሉ ላያውቅ ይችላል። ሴንሰር ያለውም ቢሆን ባትሪው ከዓመታት በኋላ ያልቃል። መኪናው ሲነሳ መብራቷ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብላ ከዚያ በርታ ከቀረች፣ የተበላሸው ራሱ ማስጠንቀቂያው ነው። ዝም ብላ ከበራች ግን ጎማው ነው።

የጥሪው ነገር እዚህ ላይ ነው የሚከብደው። ኩባንያ ሲጠራ ኤስኤምኤሱ የሚሄደው ኢስቲማራው በስሙ ላለው ሰው ነው። እሱ ደግሞ ሥራ ይበዛበታል፣ ወይም ስልኩን ቀይሯል፣ ወይም «በኋላ» ብሎ ረስቶታል። ቀኑን ሙሉ መኪናው ውስጥ የሚውለው ሾፌር ምንም አይሰማም። የቤት ሠራተኞች ደንብ ደግሞ ከደመወዝ መቁረጥ ከሚፈቅድባቸው ምክንያቶች አንዱ ሠራተኛው ሆን ብሎ ወይም በቸልተኝነት ያበላሸው ነገር ነው። «ቸልተኝነት» የምትለዋ ቃል ናት ዋናዋ። መብራቱ በርቶ ነድተሃል ከተባለ፣ አልነገርከኝም ከተባለ፣ በምን ታስረዳለህ?

ስለዚህ የመኪናውን ጥሪ ራሳችሁ እዩት። ኢስቲማራው ላይ (የኛ ሊብሬ ማለት ነው) «ረቀም አልሀይከል» የሚለው የሻንሲ ቁጥር ነው፣ 17 ፊደልና ቁጥር። የሳዑዲ ንግድ ሚኒስቴር የጥሪዎች ማዕከል ድረ ገጽ፣ ሪኮልስ ነጥብ ኤስኤ ላይ ገብታችሁ ይህንን ስታስገቡ መኪናው ተጠርቶ እንደሆነ ያሳያል። መኪናው በግል ከአሜሪካ የገባ ከሆነ በአሜሪካው የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ በኤንኤችቲኤስኤ ድረ ገጽም መፈተሽ ይሻላል። በጥሪ የሚደረግ እርማት በነፃ ነው። ወካላው ገንዘብ ከጠየቀ ከፊሉ በ1900 ለንግድ ሚኒስቴር ማመልከት ይችላል።

ጥሪ ካለ የስክሪኑን ፎቶ ለከፊሉ በዋትስአፕ ላኩ። መብራት በበራ ቁጥርም እንደዚያው፦ ኪሎ ሜትሩ አብሮ የሚታይበት ፎቶ፣ ከሥሩ አጭር ጽሑፍ። ዐረብኛ መጻፍ ካቃታችሁ በድምፅ «ለምበት አልከፈር ሸጋላ፣ ላዚም ንሩህ አልበንሸር» በሉ። «የጎማው መብራት በርቷል፣ ጎሚስታ ጋ መሄድ አለብን» ማለት ነው። በቃል ብቻ ነግራችሁ አትተዉት። መዳም ስትቸኩል «ያላ ያላ» ትላለች፣ ነገ ግን አታስታውሰውም። መልእክቱን አታጥፉ።

መለኪያ ደግሞ በትንሽ ሪያል ይገኛል፣ ግዙ። የሚለካው ጠዋት መኪናው ሳይነሳ፣ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ከቆመ በኋላ ነው። በንሸር ላይ ቆማችሁ ጎማው ግሎ 38 ቢል «ብዙ ነው» ብላችሁ አታስተንፍሱ፣ ሲበርድ ይጎድላል። ስኮርታውንም እዩ፣ ብዙ መኪና ለስኮርታው ሴንሰር የለውም። ጎማው ጎን ላይ ካለው ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ፦ 2319 ካለ በ2019 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢኖረውም በዚህ ፀሐይ ያረጀ ጎማ ይሰነጠቃል። ቤተሰቡ በበጋ ወደ ጣኢፍ የሚወጣ ከሆነ ከሃዳ ቁልቁለት በፊት ይህን ማየት የግድ ነው።

ከፈነዳ ፍሬን አትርገጡ። መሪውን በሁለት እጅ አጥብቃችሁ ነዳጁን ልቀቁ፣ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ዳር ይውጣ። ሰው ከተጎዳ በመካ ክልል፣ ጅዳን ጨምሮ፣ 911 ነው። ሰው ካልተጎዳና መኪናው ኢንሹራንስ ካለው ነጅም ይመጣል። የፈነዳውን ጎማ ጎሚስታው ሳይወስደው፣ የዶት ቁጥሩ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት።