መንገዱ ክፍት ሳለ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ

በዚህ መስመር የምንመላለስ ነጋዴዎች መንገዱን የምናውቀው ይመስለናል። ደወሌ ላይ ፍተሻው ምን ያህል እንደሚፈጅ፣ የጅቡቲ ፍራንክ ዛሬ በስንት እንደሚመነዘር፣ የትኛው መጋዘን ዕቃ እንደሚያጎድል በቃላችን ነው። እናታችን ወይም አባታችን በዚሁ መንገድ መጀመሪያ ሲያልፉ ምን ይዘው እንደነበር፣ ማን ቤት እንዳደሩ፣ ለምን ሳይመለሱ እንደቀሩ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? እኔ የማምንበትን በግልጽ ልናገር፤ ወላጅ ያለው ነጋዴ ከዓመቱ ጉዞዎች አንዱን ለወላጁ ይስጥ። ዕቃ ሳይጭን፣ ሳይቸኩል፣ እነሱ በሚሉት ፍጥነት።

እናቴ 72 ዓመቷ ነው። ባለፈው ጥር ከድሬዳዋ ጅቡቲ ይዣት ሄድኩ። ልጆች ሆነን ስለ ቤተሰባችን ስንጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ቃል ነበር፤ «ተሰደድን»። ይህ ቃል ሁሉንም ነገር የሚዘጋ ክዳን ነው። አንድ ሰው አስቦበት፣ ሻንጣውን አዘጋጅቶ አገሩን የለቀቀ ያስመስለዋል። እናቴ ግን ጅቡቲ የሄደችው ለሁለት ሳምንት ነበር፤ ሻሽና ሽቶ ገዝታ ልትመለስ። ጊዜው የ1969 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ነው። ሰኔ 20 ቀን ጅቡቲ ነጻ ወጥታ የራሷን ባንዲራ ሰቀለች። በዚያው ሰሞን የኦጋዴን ጦርነት ሐዲዱን ቆረጠው፤ ነሐሴ ላይ ድሬዳዋ ራሷ የጦር ሜዳ ሆነች። ሐዲዱ ተጠግኖ ባቡሩ ሲመለስ ደግሞ አገር ቤት ቀይ ሽብር ነው፣ ወንድሟ ታስሯል፣ «እንዳትመጪ» የሚል መልእክት በሰው በኩል ደርሷታል። ሁለት ሳምንቱ 15 ዓመት ሆነ። እኔም የተወለድኩት በዚያ መሀል ነው።

ይህ የእኛ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ግንቦት 1990 ላይ የኢትዮ ኤርትራ ጦርነት ሲጀመር አሰብ ላይ ሱቅ የነበራቸውን ጠይቁ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዛላምበሳ ላይ ድንበሩ ሲከፈት ሮጠው የተቃቀፉትን፣ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ሲዘጋ ወዲያና ወዲህ የቀሩትን ጠይቁ። ሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ተኩስ ሲከፈት በመተማ በኩል ባዶ እጃቸውን የገቡትን ጠይቁ። የእኛ አካባቢ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አገር የሚቀይረው ወስኖ ሳይሆን መንገድ ከኋላው ስለሚዘጋበት ነው። ለዚህም ነው መንገዱ ክፍት ሳለ ሂዱ የምለው።

ወደ ባቡሩ ከመሄዳችን በፊት እናቴ ከዚራ ያለውን የድሮውን ጣቢያ ካላየሁ አለች። ድሬዳዋ እኮ የባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚያ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ። አዲስ አበባ የደረሰው ከ15 ዓመት በኋላ በ1917 ነው። «ለገሃር» እና «ፉርጎ» የምንላቸው ቃላት ከፈረንሳይኛ የመጡት በዚሁ ሐዲድ ላይ ነው። አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ውጭ ስለሆነ የዛሬ ተሳፋሪ ይህን ሁሉ ሳያይ ያልፋል። ከዚያ ጓደኛዋ ትኖርበት የነበረውን ቤት ልታሳየኝ ወደ ደቻቱ ዳር ወሰደችኝ። ቤቱ የለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ ሰውም ቤትም ሲወስድ አብሮ ሄዷል። አሸዋውን እያየች በጣቷ «በሩ እዚህ ጋ፣ ምድጃው እዚያ ጋ» አለችኝ። ያንን ቤት አሁን ሊያሳይ የሚችል ከእሷ ሌላ ማንም የለም።

አሁን ወደ ወረቀት ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁን የሚነካው ይኼ ነውና። እናቴ የተወለደችው በ1946 ዓ.ም. ነው። ጅቡቲ በተሰጣት የስደተኛ ካርድ ላይ የትውልድ ዘመኗ 1946 ይላል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። ፓስፖርቷ ላይ ደግሞ ጃንዋሪ 1 ቀን 1954። በስሟ ውስጥ «ሸ» አለች፤ ካርዱ በፈረንሳይኛ ወግ በሲ እና በኤች፣ ፓስፖርቱ በእንግሊዝኛ ወግ በኤስ እና በኤች ጽፏታል። በስምንት ዓመት የሚለያዩ፣ ስማቸው የማይገጥም ሁለት ሴቶች ሆኑ ማለት ነው። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ሊያስመጣት ባመለከተ ጊዜ አንድ ቢሮ «እናትህ የትኛዋ ናት?» ብሎ ፋይሉን ሁለት ዓመት አስቀምጦታል።

ይህን ነገር ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ጠይቀናት «እኔ ምን አውቃለሁ» ነበር የምትለው። ባቡሩ አሊ ሳቢህ ሲደርስ ግን መስኮቱን እያየች ራሷ ጀመረች። ካርዱን የጻፈው አስተርጓሚ ጥርሱ የወርቅ ነበር፤ መቼ ተወለድሽ ሲላት «በአርባ ስድስት» አለችው፤ እሱም የፈረንጅ መስሎት እንዳለ ጻፈው። አብረዋት የተሰለፉትን ሁለት ሴቶችም በስም ጠራች፤ አንዷ ዛሬም አዲስ አበባ አለች። ይህ ለእኔ ምስክር ማለት ነው። ስንመለስ ሁለቱንም ይዤ ቃለ መሐላ አስፈርሜ አረጋግጫለሁ። ወላጆቻችሁ ሁለት ዓይነት ስም ወይም ዕድሜ ካላቸው (የሌለው ማን ነው?) እነሱ በሕይወት ሳሉ፣ እጃቸው ሲፈርም፣ ይህን ጨርሱ። ከሞቱ በኋላ ያንን ወረቀት የሚያስረዳላችሁ የለም። ውርስ ላይ የሚነሳው ጣጣም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ይጀምራል።

ስለ አጠያየቅ አንድ ነገር ልበል። «ታሪክሽን ንገሪኝ» ብትሏቸው «የኔ ደግሞ ምን ታሪክ አለው» ብለው ይዘጉታል። ዋጋ ጠይቁ። ቲኬቱ ስንት ነበር? ሻሹን በስንት ገዝተሽ በስንት ሸጥሽ? ፈታሽ ሲመጣ የት ትደብቂው ነበር? ማን ዱቤ ይሰጥሽ ነበር? የነጋዴ እናት ዋጋ አትረሳም፤ ከዋጋው ጋር ሰው ይመጣል፣ ከሰውየው ጋር ቀኑ ይመጣል። ማልቀስ ሲመጣም ዝም በሉ። የታሰረው ወንድሟ ጉዳይ ላይ ስንደርስ እናቴ ውሃ ጠየቀችኝ፤ ከዚያ በኋላ አላነሳሁትም። «ቁስል ለምን ትነካላችሁ» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ግማሽ እውነት አላቸው። ንግዱን ጠይቁ፣ ቁስሉን እነሱ ከፈለጉ ያወጡታል። በስልካችሁ ድምፅ ስትቀዱም አስፈቅዱ፤ የእናት ለቅሶ ለቲክቶክ አይሆንም።

እናቴን ወደዚያ የሳባት ግን የእኔ ጥያቄ አልነበረም፤ ዕዳ ነበረባት። ሐዲዱ በተቆረጠበት ክረምት ገንዘቧ አልቆ አንድ የመናዊ ባለሱቅ በዱቤ ጨርቅ ሰጥቷት፣ እሱን እያዞረች ሸጣ በላች። በኋላ ብትከፍለውም የመጨረሻዋን ጥቂት ፍራንክ ሳትሰጠው ሱቁ ተዘግቶ ሰውየው ጠፋባት። ይህን ሁሉ ዓመት በልቧ ይዛው ነበር! ሰፈሩን ስታገኘው ሶማሊኛዋ ተመለሰ፤ እኔ የማላውቃት ሴት ሆና ከሰው ጋር እየሳቀች ትጠይቅ ጀመር። ሱቁ አሁን ስልክና ሽርጥ ይሸጣል፤ የያዘው የልጅ ልጁ ነው። ወጣቱ አያቱ ለሐበሻ ሴቶች ዱቤ ይሰጥ እንደነበር ሰምቶ አያውቅም። ቁጭ ብሎ ጠየቃት፤ መልኩን፣ ሲናደድ የሚለውን ነገር፣ ሱቁን ለምን እንደዘጋ። የእሱ ቤት ታሪክ እናቴ ዘንድ ተቀምጦ ነበር። የእኛም የተወሰነው እንደዚሁ በሌላ ሰው አፍ ውስጥ ይኖራል። ገንዘቡን እንቢ ስላለ ሁለት ሽርጥ ገዝታ መልሷን ሳትቀበል ወጣች።

አንዳንዶቻችሁን የሚያስቀይም ነገርም ልናገር። ሽማግሌ ወላጅን ይዞ መሄድ በእኛ ዘንድ ሌላ ትርጉም አለው፤ «እማማን ብዙም አይፈትሿቸውም» ተብሎ ሦስት አራት ፌስታል ይሸከማሉ። ይህ ነውር ነው። እቃው ቢያዝ ፀሐይ ላይ የሚቆሙት እሳቸው ናቸው፣ ስማቸው የሚጻፈውም የእሳቸው ነው። ለወላጅ የተሰጠ ጉዞ ላይ አንድ ካርቶን እንኳን አትጨምሩ፤ ደወሌ ላይ ልባችሁ ካርቶኑ ጋር ከሆነ እሳቸው የሚሉትን አትሰሙም።

የምትሄዱት ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይሁን፤ የጅቡቲን የበጋ ሙቀት የደም ግፊት ያለበት ሰው አይችለውም። መድኃኒት ከሚቆዩበት ቀን በላይ የሚበቃ ያዙ፣ የሐኪም ማዘዣውም አብሮ ይኑር። ለወንበሩ ትራስ፣ ለእግር ነጠላ ጫማ። የመስኮቱን በኩል ለእሳቸው ስጡ። የድሮው የሆልሆል የብረት ድልድይ ጋ ስትደርሱ ስልካችሁን አስቀምጡና የሚሉትን ስሙ።