ቀዩ ቀለም የት ገባ?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ የተአምረ ማርያም ብራና ስካን አስደርጎ በቴሌግራም ላከልኝ። ከፍቼ ማንበብ ስጀምር በየመስመሩ መሀል ባዶ ቦታ አገኘሁ። የጎደለውን ለመገመት ቄስ መሆን አያሻም፤ የእመቤታችን ስም ነው። ጸሐፊው አክብሮ በቀይ የጻፈውን ስካነሩ አንጥቶታል።

ለመሆኑ «ብላክ ኤንድ ዋይት» የሚለውን የተጫነው ሰው ምን እየጣለ እንደሆነ ያውቅ ነበር?

በባለ ቀለም ምስል ውስጥ እያንዳንዱ ፒክስል የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን አለው፤ ሦስቱም ከ0 እስከ 255 ናቸው። ወደ ግራጫ ሲቀየር በተለመደው ቀመር ቀዩ በ0.299፣ አረንጓዴው በ0.587፣ ሰማያዊው በ0.114 እየተባዛ ይደመራል። 170፣ 50፣ 40 የሆነ ቀይ ሲሰላ 85 ይመጣል። 145 የሆነ ሌላ ያልተቀላቀለበት አረንጓዴም እንዲሁ 85 ነው። ታዲያ ሁለቱም 85 ከሆኑ በኋላ የትኛው ቀይ እንደነበር ማን ይመሰክራል? ጥቁርና ነጭ ሲሆንማ ይብሳል። መቁረጫው 128 ላይ ከሆነ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይጠቁራል፣ በላይ ያለው ሁሉ ይነጣል። ያልደበዘዘው ቀይ ከጥቁሩ ቀለም ጋር ይደባለቃል፤ ዘመን ያደበዘዘው፣ 210፣ 130፣ 105 የደረሰው ግን 151 ሆኖ ከብራናው ጋር ይነጣል። በአራት ነጥቡ መካከል የነበሩት ቀያይ ነጠብጣቦችስ? እነሱን የፈለጋቸውም የለ።

በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብራናዎቻችን በማይክሮፊልም ሲነሡ በጥቁርና ነጭ ነበር። ማን ይወቅሳቸዋል? ባለ ቀለም ፊልም ውድ ነበር፣ ይደበዝዝም ነበር። ያነሡት ባይኖሩ ስንቱን ባላየነው! የዛሬው ሰበብ ግን ምንድን ነው? «ፋይሉ ይከብዳል» ነው? አንድ ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ ሳይጨመቅ በጥቁርና ነጭ 1 ሜጋባይት፣ በቀለም 26 ገደማ ነው። 400 ገጽ ቢሆን 10 ጊጋባይት አካባቢ፤ ከቁልፍ ጋር የምናንጠለጥላት ባለ 16 ፍላሽ ትበቃዋለች።

«ኋላ በአፕ ቀለም እናስገባለታለን» የሚሉም አሉ። አፑ ከየት አምጥቶ? የዐድዋ ዘመን ፎቶግራፎች ቀለም ተቀብተው ሲዞሩ እናያለን። የዚያን ጊዜ የፎቶ ሰሌዳ ቀይን እምብዛም ስለማይቀበል ቀይ ካባ ጠቁሮ ይወጣ ነበር። አሁን አፑ ያለበሳቸውን ካባ ማን አይቶት ነው የምንጋራው?

ብራና የምታነሡ ሰዎች፣ መጀመሪያ በቀለም አንሡ፤ ዋናውን ፋይል አትንኩት፤ ለቴሌግራም የሚቀል ከፈለጋችሁ ከእሱ ላይ ቀድታችሁ ቀይሩ። ወዳጄን ባለ ቀለሙ የት እንዳለ ጠይቄው ነበር። ብራናው ወደ ገዳሙ ተመልሷል፤ በቀለም የተነሣ ቅጂ የለም።