የአማቴ አቮካዶ እንዴት ይዛወራል?

አቮካዶ ከተበላ በኋላ ዘሩን ለመጣል የሚያሳሳን ብዙ ነን። በስቴኪኒ ተወግቶ የውኃ ብርጭቆ አፍ ላይ የተቀመጠ ዘር ከስንቱ ወጥ ቤት መስኮት አይጠፋም። ልጆች ሥሩ ሲወጣ አይተው ይደሰታሉ፤ ተክሉም ያድጋል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከዘር የበቀለ አቮካዶ ፍሬ እስኪሰጥ ስድስት ሰባት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስጠብቃል። ፍሬውም ያን የወደዳችሁትን ላይመስል ይችላል። ዘር የሁለት ወላጆች ልጅ ነውና፣ ንቧ ብናኙን ከየትኛው ጎረቤት ዛፍ እንዳመጣችው ማን ያውቃል?

የምትወዱትን ዛፍ ራሱን የምታገኙት ከእሱ ቀንበጥ ቆርጣችሁ በሌላ ችግኝ ላይ ስትተክሉ ነው። ባለሙያዎች ግራፍቲንግ ይሉታል፣ ችግኝ ሻጮች ደግሞ «የተዳቀለ»። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ቃል ላይ እፈጥጣለሁ፤ ይህኛው ገዢን ያሳስታል ባይ ነኝ። ሲዳቀል ሁለት ዘር ተቀላቅሎ ሦስተኛ ይወለዳል። እዚህ ግን ምንም አይቀላቀልም። የታችኛው ሥሩን ይሰጣል፣ የላይኛው የራሱን ቅጠልና የራሱን ፍሬ ይዞ ይቀጥላል።

ነገሩ ለእኔ የጓሮ መዝናኛ ብቻ ያልሆነው በአማቴ ምክንያት ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖሩበት ግቢ ለልማት ስለተፈለገ ኮንዶሚኒየም ሊገቡ ነው። ቁም ሣጥኑም ምጣዱም መኪና ላይ ይጫናል። ግቢው መሐል ያለውን አቮካዶ ግን ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ከዘር ያበቀሉት ነው። ስም የለውም፣ በችግኝ ጣቢያም አይሸጥም፤ ከዚያ ግቢ ውጭ የትም የለም። አማቴ ስለ ቤቱ ብዙ ሲያወሩ አልሰማሁም። አንድ ቀን ቡና እያፈሉ ብቻ፣ «ዛፉስ?» አሉኝ።

«እማዬ፣ እሱንም እንወስደዋለን» አልኳቸው። ከአፍ ካመለጠ በኋላ መማር ግድ ሆነ።

ገበያ ላይ «ሀስ» የምንለው ጥቁር፣ ቆዳው ሻካራ አቮካዶም ከእንዲህ ዓይነት ዛፍ ነው የመጣው። ሩዶልፍ ሀስ የሚባል ፖስተኛ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካሊፎርኒያ ውስጥ ከተከላቸው ዘሮች አንዱ ነው። በዚያን ጊዜ ተፈላጊ የነበረውን ፉዌርቴ የተባለ ዝርያ ሊያጣብቅበት ሞክሮ እምቢ ስላለው ችግኙን ተወው፤ ያ የተተወው ዛፍ ነው እንግዲህ ዓለምን የያዘው። በ1935 (እ.ኤ.አ.) የባለቤትነት መብት አስመዘገበ፤ ብዙም አልጠቀመውም። ገበሬው አንድ ችግኝ ገዝቶ ከእሱ ቀንበጥ እየቆረጠ ማሳውን ይሞላ ነበር። ምርቱ ራሱን የሚያባዛ ከሆነ የቱንም ያህል ብታስተዋውቁ ገቢው ያው ነው። እናት ዛፉ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ሞተ። ዛሬ ዓለም ላይ ያለው የሀስ ዛፍ ሁሉ ግን የዚያው ዛፍ ቅርንጫፍ ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። ዘር ዘርቶ ለመጠበቅ ጊዜ ስላልነበረን፣ ግንዳቸው የእርሳስ ውፍረት የደረሰ ስምንት ተራ የአቮካዶ ችግኞች ገዛን። እጄን ይዞ ያስተማረኝ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ነው። ቀንበጡ የሚቆረጠው ዛፉ አዲስ ቅጠል ሊያወጣ ሲል፣ ጫፉ አበጥ ብሎ ገና ሳይፈነዳ ነው። ርዝመቱ ከስንዝር ያነሰ ይሁን። ቅጠሉ ወዲያው ይቆረጣል፤ አለዚያ ውኃውን ጨርሶ ይደርቃል። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በዚያው ቀን ብትሠሩበት ጥሩ ነው፣ ካልሆነም ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆያል።

ከዚያ የችግኙ አናት ከአፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ይቆረጥና መሐሉ ይሰነጠቃል። ቀንበጡ ከሥሩ በሁለት በኩል ተስሎ እንደ ሽብልቅ ይሰካበታል። ምላጩ አዲስና በአልኮል የተጠረገ ይሁን፣ አንዴ ሳብ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ እየደጋገሙ መፋቅ ቁስሉን ያበላሻል። ዋናው ምስጢር ከቅርፊቱ ሥር ያለችው ስስ አረንጓዴ ሽፋን ናት። የሁለቱ ሽፋን ካልተነካካ አይያያዙም። ቀንበጡ ቀጭን ከሆነ መሐል ላይ አትስኩት፣ በአንዱ ጠርዝ አስጠግታችሁ ሽፋኖቹን አገናኙ። ቀጥሎ በላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ ከላይ ትንሽ ፌስታል ማልበስ፣ ጥላ ሥር ማስቀመጥ ነው። ማሰሩን ለልጆች ስጡ፣ ምላጩን ግን በፍጹም።

ጽጌረዳ፣ ኮክና ብርቱካን ላይ ከዚህ የሚቀል መንገድ አለ። ቀንበጥ ሙሉውን አያስፈልግም፤ አንዲት ዓይን፣ ማለትም ቅጠል የሚያቆጠቁጥባት እብጠት፣ ከቅርፊቷ ጋር ተነስታ በሌላው ግንድ ቅርፊት ሥር ትገባለች። የሚሠራው ቅርፊቱ በቀላሉ በሚላቀቅበት፣ ተክሉ በደንብ በሚያድግበት ወቅት ነው።

የእኛን ከሦስት ሳምንት በኋላ ጀምረን በየጠዋቱ እንጎበኘው ነበር። ሦስቱ ጠቆሩ። አምስቱ አቆጠቆጡ። ከመገጣጠሚያው በታች የሚወጣውን ቀንበጥ እየተከታተልን እንቀነጥሳለን፣ ያ የሥሩ እንጂ የእኛ ዛፍ አይደለም። ቀንበጡ ከትልቅ ዛፍ ስለተቆረጠ ዕድሜው አብሮት መጥቷል፤ ፍሬውን በሦስት በአራት ዓመት የምንጠብቀውም ለዚህ ነው።

አሁን ያለው ጥያቄ የቦታ ነው። አቮካዶ በረንዳ ላይ በማሰሮ ለጥቂት ጊዜ እንጂ ለዘለቄታው አይሆንም። ሁለቱ ቢሾፍቱ ወደሚኖረው የባለቤቴ ወንድም ግቢ ይሄዳሉ፣ አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለአማቴ የቀድሞ ጎረቤት። አምስተኛውን አማቴ ከሚገቡበት ሕንፃ ሥር ካለው ባዶ መሬት ላይ ሊተክሉት ቆርጠዋል፤ የነዋሪዎች ኮሚቴ ግን «በስብሰባ እናየዋለን» ብሏቸዋል። እሳቸው ጉድጓዱ የት እንደሚቆፈር ከወዲሁ ለክተዋል።