ከዋጋው በፊት ግድግዳው

በሲያትል ሰሜናዊ ክፍል በምትገኘው ኖርዝጌት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የቀላል ባቡር ጣቢያ በተከፈተበት አካባቢ፣ መንገድ ዳር የቆመ ተጎታች ቤት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የቤት ኪራይ ያማረራቸው ወገኖቻችንም «አንዱን ገዝቼ ብገባበትስ?» ሲሉ ይደመጣሉ። ጥያቄው የሚያስነቅፍ አይደለም። ሆኖም ከዋጋው አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ግድግዳው ነው።

ይህ ግድግዳ በአብዛኛው ከሁለት በአንዱ መንገድ ይሠራል። የቆየው ዓይነት አጥንቱ ቀጭን እንጨት ነው፤ በእንጨቶቹ መካከል የፋይበርግላስ ጥጥ ይገባል፤ ከውጭ እንደ ቆርቆሮ የተሸነሸነ ስስ አሉሚኒየም፣ ከውስጥ ደግሞ ስስ ኮምፔንሳቶ ይለብሳል። ሁለተኛው ተደራርቦ በሙጫ የተጣበቀ ነው፦ ከውጭ ለስላሳ የፋይበርግላስ ሉህ፣ ከሥሩ ኮምፔንሳቶ፣ መካከሉ ላይ በአሉሚኒየም ፍሬም የተያዘ የፖሊስታይሪን ፎም። ይህኛው ጠንካራ ነው፤ ለዓይንም ያምራል።

የሁለቱም ጠላት ግን ውኃ ነው። በሲያትል በዓመት ወደ አንድ ሺህ ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርዳል፤ አብዛኛውም በብርድ ወራት ነው። በመስኮት መጋጠሚያ ሾልኮ የገባ ጠብታ እንጨቱን ያበሰብሳል፤ ሙጫውን ያላቅቃል፤ ያን ጊዜ የፋይበርግላሱ ሉህ ውኃ እንደ ቋጠረ ቆዳ ያብጣል። እርጥበቱ ከውስጥም ይመነጫል። አሉሚኒየም ሙቀትን ከእንጨት ከሺህ እጥፍ በላይ ስለሚያስተላልፍ ፍሬሙ ያለበት መስመር ይቀዘቅዛል፤ ከእስትንፋስና ከምድጃ የሚወጣው እንፋሎት እዚያው ውኃ ሆኖ ሻጋታ ያፈራል።

ሀገር ቤት ያደገ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። በጭድ የተቦካ የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፤ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ይተነፍሳል፤ ክፈፉና የድንጋይ መሠረቱም ከዝናብ ይጠብቁታል። የተጎታች ቤት የታሸገ ግድግዳ ግን አንዴ ከራሰ በቀላሉ አይደርቅም።

የሚተነፈሰውም አየር አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከደረሰው የካትሪና ማዕበል በኋላ ለተፈናቃዮች የተሰጡ 519 ተጎታችና ተንቀሳቃሽ ቤቶች በአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ተመርምረው ነበር። በ2008 ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት በአየራቸው ውስጥ የተገኘው ፎርማልዴሃይድ በአማካይ ከቢሊዮን 77 እጅ ነበር። ከኮምፔንሳቶና ከቺፕውድ ሙጫ የሚወጣው ይህ ጋዝ ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመድቧል። ልቀቱን የሚገድበው የፌዴራል ሕግ የወጣው በ2010 ነው።

በ2021 የዋሽንግተን ስቴት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰው የሚኖርበት ተሽከርካሪ በመኖሪያ ቤት ሕግ ጥበቃ ሊያገኝ እንደሚችል ወስኗል። የዘርፉ የሥራ ደረጃ ግን ተጎታች ቤትን ዛሬም ጊዜያዊ ማረፊያ ይለዋል። ሕግ ቤት ያለውን፣ ግድግዳው ቤት አላለውም። ስለዚህ ሻጭ ሁሉ ግድግዳው ከምን እንደ ተሠራና ውኃ ገብቶበት እንደ ሆነ በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ ሊጣልበት ይገባል እላለሁ።

«ድኻ ምን ምርጫ አለው?» የሚል ይኖራል። ምርጫ ያነሰው ሰው ግን ማወቅ ይበልጥ ያስፈልገዋል። እስከዚያው ገዢ ሆይ፣ በመስኮቱ ሥርና በማዕዘኖቹ በኩል ግድግዳውን በእጅዎ ይጫኑት፤ ከረገበ ወይም ካበጠ፣ ወይም የሻጋታ ሽታ ካለው፣ ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ።