የቀኑ መጋጠሚያ

መቐለ ላይ አያቷ ዘንድ የዋለች ልጅ ከጸሎቱ በኋላ «ለዓለመ ዓለም ማለት ምንድን ነው?» ብላ ብትጠይቅዎት ምን ይመልሳሉ? ዛሬ ዓለም ስንል ምድሪቱን ነው። በግእዝ ግን ማለቂያ የሌለው ዘመንም ነው። በአማርኛ «ዘላለም»፣ በትግርኛ «ዘለኣለም» ስንል ያ የጥንቱ ትርጉም አብሮን አለ።

ሂንዱዎችም ማንትራ የሚሉት የጸሎት ቃል አላቸው፤ ቋንቋው ሳንስክሪት ነው። ጎህ ሲቀድና ጀንበር ስትጠልቅ የሚጸልዩበትን ጊዜ «ሳንድያ» ይሉታል፤ መጋጠሚያ ማለት ነው፣ የሌሊትና የቀን። «ምሽት» ብሎ የሚተረጉመው ሰው ሰዓቱን ይዞ መገናኘቱን ይጥላል።

እኛም ነግህና ሠርክ አለን። በመካከላቸው ሠለስት ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ተሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ ስማቸው ከሰዓት አቆጣጠራችን ጋር ዛሬም ይገጥማል።

በኮሮናና በጦርነቱ የመቐለ ልጆች ሦስት ዓመት ያህል ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ያ ጊዜ በየትኛውም ቋንቋ ቢጠሩት አይመለስም። ነግህና ሠርክ ግን አንድም ቀን አልቀሩም።

እናም ወላጆች፣ «ከእኩዮችሽ ወደ ኋላ ቀረሽ» እያላችሁ ዓመት አትቁጠሩባት። ሁለቱን መጋጠሚያዎች ስጧት፦ ጠዋት ከቤት ሳትወጡ፣ ማታ ስልኩን አስቀምጣችሁ፣ ጥቂት ደቂቃ አብራችኋት ተቀመጡ። የከበዳትን ቃል ደግሞ አያቷን ትጠይቅ፤ ለእርሳቸውም መጋጠሚያ ነው።